ስልኬና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ስልኬ ዛሬ ጡረታ ወጣ። እኔ ከቡና ምርመራ ጡረታ ስወጣ ቢያንስ ጋቢ ተሸልሜ፣ ንግግር ተደርጎልኝ ነው። እሱን ግን ቴሌግራሙን ስከፍት «ይህ ስልክ ከእንግዲህ አይደገፍም» አሉት፣ አለቀ። የባንኩም እንደዚያው አለ። ስክሪኑ ላይ ጭረት የለም፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ጥፋቱ ማርጀቱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ቆንጂት «አዲስ ግዛ» አለች። ለሁሉም ነገር መፍትሔዋ ይኸው ነው። ጃንጥላ ሲቀደድም አዲስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስቀይማትም አዲስ ጎረቤት ቢገኝ ደስ ይላታል። ልጄ ሔራን ግን ከምትሠራበት ፋርማሲ እንደገባች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ሄርማታ ሰፈር ሶፍትዌር የሚጭን ልጅ እንዳለና እንደሚያድነው ነገረችኝ። ዳግማዊ ይባላል። እንዴት አወቅሽው ብላት «ሰው ሲያወራ ሰምቼ» አለችኝ። ሔራን ሰው ሲያወራ የምትሰማ ልጅ አልነበረችም።

ጥቅምት 7

ሄርማታ ሄድኩ። የልጁ ሱቅ ከወዳጄ ከኸይሩ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ፊት ለፊት ነው። ስልኬን ገልበጥበጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ካስተም ሮም ልንጭንበት እንችላለን» አለኝ። ካስተም ሲል ጉምሩክ መስሎኝ፣ ይሄ ስልክ ቀረጡ የተከፈለበት ነው፣ ደረሰኙም ቤቴ አለ ብዬ ተቆጣሁ። ሳቁን ዋጠ። ሲውጠው አይቼዋለሁ።

ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ፋብሪካው ለተወው ስልክ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው አዲስ ሶፍትዌር ይሠሩለታል። የፋብሪካው ይወጣል፣ የእነሱ ይገባል። ሮም የሚባለው እሱ ነው። ጣሊያን ጅማን ለቆ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ አሁን ደግሞ ሮም በስልኬ በኩል ልትመለስ ነው አልኩት። አሁንስ ሳቁ አመለጠው።

ጉዳቱንም አልደበቀኝም። መጀመሪያ የስልኩ ቁልፍ መከፈት አለበት፤ ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የባንኩ ላይሠራ ይችላል፤ ካሜራውም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። «እርስዎ አስበውበት እሺ ካላሉኝ አልነካውም» አለ። ጨዋ ነው፣ ያበዛዋል እንጂ። ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ያለ ስኳር እንደምጠጣ ማን እንደነገረው ግን አልገባኝም።

ጥቅምት 11

ምክር እያሰባሰብኩ ነው።

ኸይሩን ብጠይቀው፣ እሱ ደውሎ ከተሰማ አልሐምዱሊላህ ብሎ እንደሚዘጋ፣ ስለ ሌላው እንደማያውቅ ነገረኝና «ልጁ ግን ወላሂ ጥሩ ልጅ ነው» አለ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ስልኩ ነው። ወደ አወቱ መንደራ ሰፈር ወርጄ መምህር ጎሳዬን ጠየቅኩ። እሳቸው ደግሞ የዳግማዊ ቤተሰብ ሰኮሩ ላይ የተከበረ እንደሆነ፣ አባቱ ሲሞት ታናናሾቹን ያሳደገው እሱ እንደሆነ አጫወቱኝ። ሶፍትዌር ለመጫን የቤተሰብ ታሪክ መጠናት ጀመረ ማለት ነው?

ጥቅምት 15

ዝናብ። መብራት የለም። ጊዜ ስላለኝ በደንብ ላስብበት።

ይጠቅማል ወይ? አዲስ ስልክ ብገዛ እሱም በተራው «አይደገፍም» ይባላል። ይሄኛው ደግሞ እጄ ለምዶታል፤ የቱ ነገር የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ሮም ከገባ ሁሉ ነገር ቦታውን ይቀይራል። ለዓመታት የኖርኩበት ቤት ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ገብቶ ወንበሩን ወዲህ፣ ሣጥኑን ወዲያ ሲያደርግብኝ ይታየኛል። ልጁ «ይለምዱታል» አለኝ። ልልመድ እንደምፈልግ ማን ነገረው?

በዚያ ላይ መመለስ የለም። አንዴ ከተከፈተ ተከፈተ ነው።

ማዕድ ቤት ቆንጂትና ሔራን ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ቆንጂት «ገና ነው፣ አሁን አትንገሪው፣ ቀስ ተብሎ ነው» ትላለች። አዲስ ስልክ ሊገዙልኝ አስበው ይሆናል። ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 19

የአጋሮው ቡና ነጋዴ ደወለ። ዘንድሮም ለቡና ወቅቱ መጥቼ ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና፣ እንዳይለት ይፈልጋል። ያሰጣውን ቡና ፎቶ በቴሌግራም ልኳል። አልከፍት አለኝ። ዝናቡ በዚህ ወር እንዲህ ከቀጠለ ቡናው ይሻግታል፤ እኔ ደግሞ በጨለማ ተቀምጫለሁ።

እሺ። ይጫን።

ሔራን ፎቶዎቼን በሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ገለበጠችልኝ። ስልኩንም ራሷ ወሰደችው። «እኔ በዚያው አልፋለሁ» አለች። የፋርማሲው መንገድ በሄርማታ አያልፍም፤ በየት አዙራው እንደምታልፍ እንጃ።

ጥቅምት 23

ሮም ገባች!

እውነቱን ልጻፍ፤ ስልኩ ወጣት ሆኗል። ስነካው ወዲያው ይከፈታል። ቴሌግራሙ ይሠራል፣ የአጋሮውን ፎቶ አየሁ፣ ቡናውን ከታች ሸራ አንጥፎ በወፍራሙ ማስጣቱን ትቶ ሳሳ አድርጎ ማድረቂያ አልጋ ላይ እንዲያወጣው ነገርኩት። ሁሉም ነገር አማርኛ ነው። የባንኩ ግን እምቢ አለ፤ «ይህ ስልክ አስተማማኝ አይደለም» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ደንበኛቸው ነኝ። ካሜራው ደግሞ ሁሉን ቢጫ ያደርጋል። ቆንጂትን ሳነሳት የጉበት በሽተኛ መሰለች፤ ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ላይ ነች።

ዳግማዊ ካሜራውን ሊያይ ቤት ድረስ መጣ። ውሻችን አልጮኸበትም። ያ ውሻ እኔንም አንዳንዴ ይጮህብኛል። ሔራን ሻይ ስታቀርብ የኔ ስኒ ውስጥ ስኳር ጨመረች። ደክሟት ይሆናል። ፋርማሲው በጣም ያደክማታል።

ጥቅምት 29

ጉድ ሆንኩ። የምጽፈው ቸኩዬ ነው።

«ውሂብ» የሚል ነገር ስልኩ ላይ ሞልቷል ይላል። ውሂብ ምንድነው? በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ቃል ነው። የሆነ ዝቃጭ፣ ጉድፍ ነገር መስሎኝ። «ሁሉም ውሂብ ይጽዳ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቆሻሻ ይጽዳ ሲባል ማን አይጸዳም ይላል? አዎ አልኩት። ደጋግሞ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

አሁን ክብ ነገር እየተሽከረከረ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይሽከረከራል።

ሔራን ስትመጣ ውሂብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዘዴ ጠየቅኳት። ዳታ ነው አለች። ስልክ ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ። ለምን ጠየቅከኝ አለች። እንዲሁ ነው አልኩ።

ኅዳር 2

ስልኩን ለዳግማዊ ሰጠሁት። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «በራሱ ጠፋ» አልኩት። ኸይሩ አጠገባችን ቆሞ ነበርና «ታዲያ ምንድነው የጫንክበት?» አለው። ልጁ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። «የኔ ጥፋት ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አለ።

ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኸይሩ ፊት ውሂብ አጸዳሁ ማለት አፈርኩ። የሰው ልጅ ስም በመንደሩ ፊት አቆሽሼ ነው የመጣሁት።

ኅዳር 5

ኸይሩ ቤት ድረስ መጥቶ፣ እሑድ ከመምህር ጎሳዬና ከልጁ አጎት ጋር «ለልጁ ጉዳይ» እንደሚመጡ ነገረኝና ሄደ። ሽማግሌ መሆኑ ነው! ልጁ ስልኬን ስላበላሸ ይቅርታ ሊያስጠይቅ ሽማግሌ ልኮብኛል። ያላጠፋውን ልጅ። የት ልግባ?

ኅዳር 8፣ እሑድ

ይህን ረጋ ብዬ መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት አላምነውም።

ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አንቀመጥም አሉ። ቆንጂት ቤቱን ከጠዋት ጀምራ ስታጥብ ነበር፤ ለአንድ ስልክ ምነው ይህን ያህል ብዬ ገርሞኛል። ሔራን ከጓዳ አልወጣችም።

ኸይሩ ስለ ዝናቡ ጀመረ። ያለ ወቅቱ መጣ፣ ቡናውን ጎዳ፣ አላህ ይመልሰው እያለ ቆየ። ቀጥሎ መምህር ጎሳዬ ተቀበሉ። ሁልጊዜ አንተ የሚሉኝ ሰው ዛሬ አንቱ አሉኝ። ዳግማዊ እጁ የተባረከ፣ የያዘውን የማይጥል ልጅ መሆኑን ዘርዝረው፣ «በእርስዎ እጅ አንድ ውድ ነገር አለ፤ ለልጃችን ይህን አደራ...» ማለት ጀመሩ። አሁን ስልኩ እንዴት ተበላሸ ወደሚለው ሊገቡ ነው። ውሂብ ሊነሣ ነው። ስልኩን ለሱ ትቼ ሳይነሣ ልዝጋው ብዬ አቋረጥኳቸው።

«የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ። ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሰጥቻለሁ» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። የሰኮሩው አጎት «ዛሬውኑ?» አሉ።

«ዛሬውኑ። እሱ እጅ ቢሆን ነው የሚሻለው። እኔ አያያዙን አላወቅኩበትም፣ ነካክቼ አበላሸሁት። ትንሽ ያረጀ ነው እንጂ በደንብ ከያዘው ገና ብዙ ዓመት ያገለግለዋል።»

አጎትየው ሳል ያዛቸው። ኸይሩ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። መምህር ጎሳዬ ግን የተማሩ ሰው ናቸውና ይህን እንደ ትሕትና ቆጥረው ጎንበስ ብለው ምስጋና አቀረቡ። አጎትየው ሳሉ ሲለቃቸው በኦሮምኛ «ኤዬ፣ ጋሪዳ፣ ጋሪዳ»፣ እሺ መልካም ነው፣ እያሉ ጉልበቴን ሊስሙ መጡ። ያኔ ነው ከጓዳ እልልታ የተሰማው። ቆንጂት ነች። ለስልክ እልል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«እንግዲህ ጥር ላይ ይሁን» አሉ አጎትየው።

ምኑ ብዬ ጠየቅኩ።

«ሠርጉ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ቆሎ የበላሁ ይመስለኛል።

ኅዳር 9

ራሴን አመመኝ። ከቤት አልወጣሁም።

እህቴ ብርሃንነሽ ከአዲስ አበባ ደወለች። ወሬው በአንድ ቀን ደርሷታል። የሴት ልጅ አባት ቢያንስ እንመካከርበት ብሎ አንዴ ይመልሳል፣ ልጅቷ ከብዳህ ነበር ወይ ብላ ወረደችብኝ። ምን ልበላት?

ሔራን አላናገረችኝም። ያረጀ ነው ማለቴን ሰምታለች።

ኅዳር 10

ለቆንጂት እውነቱን ነገርኳት። ስለ ስልኩ መስሎኝ ነው አልኩ። ሳቀች። ሳቀችና፣ ደግሞ ተቀምጣ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ሽማግሌ ነጭ ለብሶ ቆሞ ለስልክ ሲለምን የት አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

የእርቅ መስሎኝ ነው አልኳት። ጥፋት ቢኖር ቆመው አይለምኑም ነበር፣ ቁጭ ብለው ይሟገቱ ነበር አለች። እሷ እንደምትለው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ማወቅ ስላልፈለግኩ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ስለ ስልኩ ነው የመሰለኝ። ውሻው አለመጮኹ፣ ሻዩ፣ በሄርማታ በኩል መዞሩ፣ እነዚህ ሁሉ እንዲሁ ነገሮች ናቸው።

ልጆቹ ለመኖሪያ ያዩት ቤት አወቱ መንደራ ነው አሉ። በባጃጅ ብዙም አይርቅም ትላለች ቆንጂት። በባጃጅ የሚኬድ ሁሉ ሩቅ ነው።

ቃሌን መልሼ እወስዳለሁ። ያልሰጠሁትን ሰጠህ ልባል አልችልም።

ኅዳር 13

ወደ ሱቁ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን እያጠናሁ ነበር።

ስልኩን አስተካክሎ ነበር። የካሜራው ቢጫነት ብቻ ቀርቷል። ገና ሊያስረዳኝ ሲጀምር አስቆምኩትና መጀመሪያ የሚያሳፍረኝን አወጣሁት። «ውሂቡን ያጸዳሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ።

ታዲያ ኸይሩ ፊት ለምን ጥፋቱን ወሰድክ ብለው፣ መልሱ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ ስልኩን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ነገርኩት። እሑድ ዕለት ሽማግሌዎቹ ስለ ስልኩ የመጡ መስሎኝ እንደነበር፣ ስለ ሔራን ምንም ቃል እንዳልሰጠሁ። ይቆጣል ብዬ ነበር። የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ፣ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«እንግዲያው አልተሰጠኝም ማለት ነው» አለ። ከዚያም፣ «እርስዎ ለሽማግሌዎቹ መናገር የለብዎትም። እኔ ተውኩት ብዬ እነግራቸዋለሁ። የእርስዎ ቃል አይነሣም።»

ሁለተኛ ጊዜ ጥፋቴን ሊወስድልኝ ነው። ቆይ፣ ማንም ምንም እንዳይናገር አልኩትና ወጣሁ። ስልኬን እዚያው ረስቼ ተመልሼ ወሰድኩ። ይህም አሳፋሪ ነበር።

ኅዳር 14

ጠዋት ሔራን ወደ ሥራ ስትወጣ አብሬያት ወጣሁ። በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ቆምን። ሃያ ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ቡና ሲሻግት ከሩቅ የማሸት ሰው፣ የገዛ ልጄን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ።

በመጨረሻ «ትወጂዋለሽ ወይ?» አልኳት።

ጃንጥላዋን ዘጋች። «አባዬ፣ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ጋሽ ኸይሩ ጠየቁኝ። አንተ እስክትጠይቀኝ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ» አለች። ከዚያ፣ እንደምትወደው፣ እኔ ከከፋኝ ግን ሠርጉ እንደማይሆንላት ነገረችኝ። ማስፈራሪያ አልነበረም። እንባዋ መጥቶ ነበር።

ለምን እንዳልጠየቅኳት ነገርኳት። ፈርቼ ነው። ከጠየቅኩ ትመልሳለች፣ ከመለሰች ትሄዳለች። እኔ ከጡረታ ወዲህ ቀኑ የሚነጋልኝ እሷ ስትወጣ ነው፤ የሚመሽልኝም ስትገባ። ይህን ፊት ለፊት አልኳት። ስለ ማርጀቱም ይቅርታ ጠየቅኳት። ስልኩን ማለቴ እንደሆነ ሳስረዳት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፣ ወደ ሥራ ሄደች።

ስልኩ ላይ ሳይሆን ራሴ ላይ ነው የተናደድኩት። አንድ ዓመት ሙሉ አስጠበቅኳት።

ኅዳር 22

አጋሮ ዋልኩ። ቡናው ተርፏል። ነጋዴው ስልኬን አይቶ የሱም «አይደገፍም» እንዳለው፣ ይህን ሮም ማስጫን ይጠቅም እንደሆን ጠየቀኝ። የባንኩ እንደማይሠራ፣ ካሜራው ሰውን ቢጫ እንደሚያደርግ፣ ውሂብ የሚባለውን ነገር በፍጹም እንዳይነካ ነገርኩት። ሌላው ሁሉ ከድሮው ይሻላል አልኩ። ወሳኙ የሚጭንልህ ሰው ነው፤ ሰውየው ደህና ከሆነ ይጠቅማል፣ ካልሆነ አዲስ ግዛ አልኩት።

ስመለስ ኸይሩ ሱቅ ጎራ ብዬ፣ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና እንዲመጡ ለመንኩት። ባለፈው የሰጠሁት ምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ በችኮላ ስለሆነ ወጉ ይሟላ ብቻ አልኩ። ሽማግሌ ሁለቴ የሚጠራ አባት አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ኢንሻአላህ እንመጣለን አለ።

ኅዳር 29፣ እሑድ

መጡ። ነጭ ለብሰው፣ እንደገና ቆመው። ኸይሩ እንደ ደንቡ ስለ ዝናቡ ጀመረ። ዝናቡ ግን ከሳምንት በፊት አቁሟል።

አሳምሬ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ለወጉ «እንመካከርበት» ልል፣ ትንሽ ላቆማቸው፣ ብርሃንነሽም ሰምታ ደስ እንዲላት። መምህር ጎሳዬ «በእርስዎ እጅ ያለ ውድ ነገር» ሲሉ አላስቻለኝም።

«ሔራንን ነው የጠየቃችሁኝ» አልኩ። «ልጄን። ሰጥቻታለሁ።»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። ሦስት ሽማግሌ ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቆንጂት እልል አላለችም። ሔራን ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ እጄን ያዘች። ማንም ወደኔ አላየም። ኸይሩ ጉሮሮውን ጠረገና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ስለ ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ አልቅሼ እስክጨርስ ድረስም አላቆመም።